ሊጡ ኩፍ እስኪል

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር በአራት ዓመት አንድ ጊዜ አንድ ቀን ይመርቃል፤ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ታገኛለች። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ጳጉሜን 6 የዋለችው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ ሰኞ ዕለት ነው። ጊዜ የለኝም እያለ ለሚያማርር ሰው ሁሉ ከሰማይ የወረደች ትርፍ ቀን ናት ማለት ይቻላል።

በዚያች ቀን ምሽት፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ቤት፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ከሦስት አገሮች ከመጡ ድምፆች ጋር ስለ አንድ ሪፖርት ትነጋገራለች። በዋሽንግተን ዲሲ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ፣ የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆች እናት ናት። ሁለተኛዋ የእሷ እናት ናቸው። በሐምሌ አጋማሽ በጎብኚ ቪዛ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ የተፈቀደላቸው የስድስት ወር ቆይታ በጥር ያበቃል። አያት ከምድጃው አጠገብ ወንበር ስበው፣ በነጭ ፎጣ የተሸፈነ ትልቅ ጎድጓዳ ሳሕን ከፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም እየሠሩ አይደለም። የሚሠሩት ሥራ ግን ነበራቸው፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠብቃሉ።

ድፎ ዳቦ የሚጋግር ሰው በእጁ የሚሠራው ጥቂት ነው። ዱቄቱን ይነፋል፣ ጨውና እርሾ፣ ድምብላልና ጥቁር አዝሙድ ይጨምራል፣ ለብ ባለ ውሃ ያሻል። ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው ጥበቃ ነው። በፓኬት የሚሸጠውን እርሾ በብዛት ያደረገ ሰው ሊጡን በአንድ ሰዓት ያስነሳዋል፤ አያት ግን በዚያ መንገድ የተጋገረውን «አየር የበላ ዳቦ» እያሉ ይንቁታል። እርሾውን በማንኪያ ጫፍ ብቻ ነክተው ሌሊቱን ያሳድሩታል፤ ዝግ ብሎ የቦካ ሊጥ የተሻለ ጣዕም እንዳለው ማንም ዳቦ ጋጋሪ ይመሰክርላቸዋል። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ይነሣሉ። ቤቱ ሞቆ እንደሆነ ሳሕኑን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ በጋቢ ይጠቀልሉታል። ጠዋት ላይ በኮባ ፋንታ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ማቀዝቀዣ የተገዛውን የሙዝ ቅጠል በሰፊ መጥበሻ ላይ አንጥፈው ይደፉታል። በአገር ቤት ከላይና ከታች የሚነድደውን እሳት የኤሌክትሪክ ምድጃው በሁለት ቁልፍ ይተካዋል። ከአሥራ ሁለቱ ሰዓት ውስጥ እጅ ሊጡን የሚነካው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረው አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ከቤት የማይወጣ ሰው።

ሴትየዋ ሙያዋ ስለሆነ ይህን ሒሳብ ሳትፈልገው ትሠራዋለች። ጋሪ ቤከር በ1965 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ቤተሰብን እንደ ትንሽ ፋብሪካ ይመለከተዋል። ከገበያ የተገዛ ዕቃና የቤተሰቡ ጊዜ ተቀላቅለው የሚፈለገውን ነገር ያስገኛሉ፤ ዱቄትና ሰዓት ተደምረው ዳቦ ይሆናሉ እንደማለት ነው። የአንድ ሰው ደመወዝ ከፍ ሲል ሰዓቱም ይወደዳል፤ ስለዚህ ሰዓት የሚበላውን ነገር ትቶ ዕቃ የሚበላውን ይመርጣል። ከእሱ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ቀድማ፣ በ1934፣ ማርጋሬት ሪድ የተባለች ትውልደ ካናዳዊት የቤት ውስጥ ሥራን ከመዝናኛ የምትለይበት ቀላል መመዘኛ አበጅታ ነበር። አንድን ተግባር ለሦስተኛ ሰው ከፍለህ ልታሠራው የምትችል ከሆነ ሥራ ነው፤ ካልቻልክ ግን የራስህ ፍጆታ ነው። ዳቦ መጋገር በዚህ መመዘኛ ሥራ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ መደብሮች ለበዓል ድፎ ተጋግሮ ይሸጣል። ከልጅ ጋር ፖም መልቀም ግን ሰው ቀጥረህ የምታስለቅመው አይደለም። ጥበቃውስ? ሊጡ አጠገብ መቀመጥ፣ ልጅ ከእንቅልፉ ባንኖ ሲነሣ ብርሃን ያለበት ወጥ ቤት ማግኘቱ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል? የሪድ መመዘኛ በዚህ ቦታ ላይ ያነክሳል።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ማክሰኞ ነበር። ልጆቹ አንዳንድ ቁራሽ በእጃቸው ይዘው ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሮጡ፤ እናቲቱ ሜትሮ ውስጥ ቁጭ ብላ የራሷን በላች። በዓሉ በዚህ አለቀ። አያት ቀሪውን ዳቦ ቆርሰው ለጎረቤቶች አደሉ፤ አንዲት አሜሪካዊት ጎረቤት ስለ ቅመሙ ጠይቃቸው ስላልተግባቡ በምልክት አስረዷት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት የአሜሪካ መጸው ናቸው። በዚህ አገር ልጆችን የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቅጠሉ ሲቀላ ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉ እርሻዎች በራቸውን ለቤተሰብ ይከፍታሉ። ፖም ይለቀማል፣ በሣር ክምር ላይ ተቀምጦ በትራክተር ይዞራል፣ ከበቆሎ ማሳ በተሠራ ግራ አጋቢ መንገድ ውስጥ ይጠፋፋል፣ በመጨረሻ ዱባ ተመርጦ በጋሪ ይገፋል። መግቢያው በኢንተርኔት ይቆረጣል፤ ትኬቱ ላይ የመግቢያ ሰዓት ተጽፎበታል። እናቲቱ ይህን ትወዳለች፤ የምትወድበትንም ምክንያት ታውቀዋለች። መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተጀምሮ ሰባት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ በቀን መቁጠሪያው ላይ ብርቱካናማ ሣጥን ሆኖ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ «ተደሰትን» ተብሎ ይዘጋል። ሥራ የበዛባት እናት ከምንም በላይ የምትፈልገው ጠርዝ ያለው ነገር ነው። ድፎ ዳቦ ጠርዝ የለውም።

በዚህ ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በአሜሪካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወላጆች፣ በተለይም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱቱ፣ ለልጆቻቸው የሚሰጡት ሰዓት ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። የተማሩ እናቶች ካልተማሩት ይልቅ ውጭ ብዙ ሰዓት ይሠራሉ፤ ከልጆቻቸው ጋርም ብዙ ሰዓት ያሳልፋሉ። ቤከር ካሰበው ጋር አይገጥምም፤ ሰዓቷ የተወደደባት ሰው ልጅን በርካሽ ነገር መተካት ነበረባት። የተተካው ሌላ ነው፤ እንቅልፍ፣ ቤት ማጽዳት፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት። ልጆቹ የሚያገኙት ሰዓት ቁጥር አልጎደለም። የተለወጠው የሰዓቱ ዓይነት ነው። የዱሮው ሰዓት ማንም ሳያስተውለው በቤቱ ውስጥ የሚፈስ ነበር፤ የዛሬው ተቆርጦና ተለክቶ የሚቀርብ ነው።

አያት ዱባውን በሌላ ዓይን አዩት። ለሃሎዊን ፊት ተቀርጾበት ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ዱባ በሳምንት ውስጥ ሲሻግት አይተው «እህል እንዲህ ይጣላል?» አሉ። የተቀረጸውን ማዳን አልቻሉም፤ ያልተቀረጸውን ግን በእንጨት ማንኪያ ጠርገው፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ወጥ ሠሩት። ለቀረጻ የሚበቅለው ዱባ ውሃማ ነውና ወጡ አልያዘም። የስድስት ዓመቷ ልጅ ግን የራሷን ዱባ በእንጀራ መብላቷን በክፍሏ ስትናገር ሰነበተች።

እናቲቱ ዱባ የተመረጠበት ቅዳሜ አልነበረችም። ኦክቶበር 14 ነበር፤ እሷ ማራኬሽ ነበረች።

የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዓመታዊ ስብሰባ ከሦስት ዓመት ሁለቱን በዋሽንግተን፣ አንዱን በሌላ አገር ይካሄዳል። በ2023 ተራው የሞሮኮ ነበር። ከአንድ ወር በፊት፣ ሴፕቴምበር 8፣ በማራኬሽ አቅራቢያ ባሉት የአትላስ ተራሮች ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበርና ስብሰባው ይሰረዛል የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ አልተሰረዘም። ከኦክቶበር 9 እስከ 15 በመላው ዓለም የሚገኙ ገንዘብ ሚኒስትሮችና ባለሙያዎች በድንኳን በተሠሩ አዳራሾች ውስጥ ተሰበሰቡ። እሷም በካዛብላንካ በኩል ገብታ፣ ሻንጣዋ ውስጥ የልጇን ሥዕልና በፕላስቲክ የታሸገ ዳቦ ቆሎ ይዛ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ትመላለስ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ፣ በሁለት ስብሰባዎች መካከል፣ ስልኳ ላይ አንድ ዜና ብቅ አለ። የዓመቱ የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለክላውዲያ ጎልዲን ነው። በዚህ ዘርፍ የተሸለመች ሦስተኛዋ ሴት፣ ሽልማቱን ከማንም ጋር ሳትካፈል የወሰደች ግን የመጀመሪያዋ ናት። በመተላለፊያው ላይ የቆሙ ሴቶች ስልኮቻቸውን እያሳዩ ተሳሳቁ። በሲልቨር ስፕሪንግ ገና አልነጋም፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ አያት ምናልባት ለጸሎት ተነሥተዋል።

የጎልዲን የረጅም ዘመን ጥናት የሚነግረን በአጭሩ ይህ ነው። በሀብታም አገሮች በወንድና በሴት መካከል የቀረው የደመወዝ ልዩነት አብዛኛው ክፍል የሚመጣው ከመጀመሪያው ልጅ መወለድ በኋላ ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ሥራዎች ስስታሞች ናቸው፤ ሁለት እጥፍ ሰዓት ለሚሰጣቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ይከፍላሉ፤ በተለይም በማንኛውም ሰዓት ሲጠሩት ለሚገኝ፣ ነገ ተነሥተህ ሂድ ሲባል ለሚሄድ ሰው። ቤትም እንዲሁ ነው። ልጅ የሚያተኩሰው ቀጠሮ ይዞ አይደለም። በሁለት ቦታ ተጠሪ መሆን ለአንድ ሰው አይቻልምና ባልና ሚስት ይከፋፈሉታል፤ አንዱ ለሥራው ተጠሪ ይሆናል፣ ሌላው ለቤቱ። አብዛኛውን ጊዜ ለቤቱ ተጠሪ የምትሆነው ሴቲቱ ናት።

በዚህ ቤት ግን ነገሩ ተገልብጧል። ባልየው ፋርማሲስት ነው። ጎልዲን ከላውረንስ ካትዝ ጋር ሆና ያጠናችው ሙያ ደግሞ በአጋጣሚ ይኸው ፋርማሲ ነው፤ ከሙያዎች ሁሉ ይልቅ እኩልነት የሰፈነበት ብለውታል። አንዱ ፋርማሲስት ለሌላው ሙሉ በሙሉ ይተካል። መድኃኒቱ ያው ነው፣ የሕመምተኛው መዝገብ በኮምፒውተር ላይ አለ፣ ደንበኛው የሚመጣው መድኃኒቱን ፈልጎ እንጂ ሰውየውን ፈልጎ አይደለም። ስለዚህ ግማሽ ቀን የሠራ የግማሽ ቀን ደመወዝ ያገኛል፣ በመቅረቱ ከዚያ በላይ አይቀጣም። ባልየው ልጅ ሲታመም ለባልደረባው ደውሎ ተራ ይለዋወጣል። በመጽሐፉ መሠረት ከሆነ የቤቱ ተጠሪ እሱ ነው፣ ስስታሙ ሥራ የእሷ ነው፣ ችግሩም ተፈትቷል።

ረቡዕ ዕለት፣ ማራኬሽ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ስለ አንድ አገር የብድር ጫና የሚያብራራ ስላይድ ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የልጇ ትምህርት ቤት ነበር። ልጅቷ ታማለች፤ አስመልሷታል፤ መጥቶ የሚወስዳት ሰው ያስፈልጋል። የአባትየው ስልክ ቁጥር በቅጹ ላይ ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ ተጽፏል። አባትየው ከትምህርት ቤቱ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። እሷ ከውቅያኖስ ማዶ ነበረች። ከአዳራሹ ወጥታ፣ በድንኳኑ ጥላ ሥር ቆማ፣ ለባሏ ደወለች፤ ባሏም ልጁን ሊያመጣ ሄደ። ጠቅላላው ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስትመለስ ግን ስላይዱ አልፎ ነበር፣ የተጠየቀችውንም ጥያቄ አልሰማችም።

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ስንፍና ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የሁለት ወላጆችን ስም የያዘ መልእክት ለብዙ ትምህርት ቤቶች ልከው ማን እንደሚደወልለት ፈትነዋል፤ ከአባት ይልቅ እናት ትጠራለች። አባትየው እኔ ነኝ የምመቸው ብሎ ቢጽፍም እንኳ የሚደወልላቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም። ተጠሪነት ባልና ሚስት በወጥ ቤታቸው ተስማምተው የሚያስተላልፉት ዕቃ አይደለም ማለት ነው፤ የውጭው ዓለምም መስማማት አለበት።

ከጉዞው ስትመለስ አለቃዋ አንድ ዜና ነገራት። ዕድገት ተዘጋጅቷል። የቡድን መሪነት፣ ከፍ ያለ ደመወዝ፣ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ጉዞ። መልሱ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ይጠበቃል። በዚያ ሌሊት፣ ቤቱ ሲተኛ፣ የኤክሴል ሰንጠረዥ ከፈተች። በአንድ ወገን የሚጨመረውን ደመወዝ ጻፈች። በሌላ ወገን የሚጨመረውን ወጪ፤ ከትምህርት ቤት በኋላ ልጆቹን የምትጠብቅ ሰው፣ የሌሊት ክፍያ፣ የምግብ፣ የጽዳት። ድፎ ዳቦ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ከመደብር፣ የሚል መስመርም ጨመረች። ብዙ አልከበደችም። የከበደችው በመጨረሻ የመጣችው መስመር ናት። በጥር ወር አያት ይሄዳሉ። እስካሁን «ምን ያህል ያስከፍላል» ብላ አስባ አታውቅም፤ ምክንያቱም ዜሮ ነበር። ባለፉት አምስት ዓመታት ወይ እሳቸው ወይ የባሏ እናት እየተፈራረቁ ይመጡ ነበር። የሁለት ዶክተሮች ያህል ገቢ ያለው ይህ ቤት ለካ ከአዲስ አበባ ድጎማ ይቀበል ኖሯል።

ብዙዎቹ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ይህን ድጎማ ያውቁታል። ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ የሚላከው ገንዘብ ይቆጠራል፣ ብሔራዊ ባንኩም ይመዘግበዋል። ወደዚህ በጎብኚ ቪዛ የሚመጣው የእናቶች ሰዓት ግን በየትኛውም አገር መዝገብ ላይ አይገኝም። እንግሊዛዊው አርተር ፒጉ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባ የአገሪቱ ገቢ ይቀንሳል ብሎ ነበር፤ ሥራው እንደቀድሞው ቢቀጥልም ደመወዙ ይቀራልና። የአያት ጉዳይ ከዚህም የረቀቀ ነው። ሁለት አገር አቋርጠው መጥተው በሁለቱም አገር ምንም እንዳልሠሩ ይቆጠራሉ።

በነጋታው ጠዋት አያት ሰንጠረዡን አዩት። ላፕቶፑ ክፍት ነበር፤ እንግሊዝኛውን ባያነቡም «ድፎ» የሚለውን በአማርኛ የተጻፈ ቃል አነበቡ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው እያፈረች አስረዳቻቸው። ከዚያም በልቧ የኖረውን ተናገረች። «እማዬ፣ አንቺ እንዳሳደግሽን ላሳድጋቸው አልቻልኩም። አንቺ ሁልጊዜ ቤት ነበርሽ። በዓል ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ስትጋግሪ አስታውሳለሁ።»

አያት ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ መቼ ጋግሬ አውቃለሁ?» አሉ። «ድፎውን የምትጋግረው እኮ ሠራተኛችን ነበረች። እኔ መሥሪያ ቤት ታይፒስት አልነበርኩም እንዴ? ደክሞኝ መጥቼ እተኛለሁ። አንቺ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ያየሽው መብራት የእሷ ነው።»

ልጅቷ ለማስታወስ ሞከረች። አዎን፣ አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ምናልባት የአሥራ አራት ዓመት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ የምትተኛ። ስሟን ታውቀዋለች፤ ወዴት እንደሄደች አታውቅም። አያትም አያውቁም። «እኔም ድፎ የተማርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው» ብለው ጨመሩ፤ «የእሷን እያስታወስኩ።»

የአዲስ አበባ መካከለኛ መደብ በዓሉን፣ የቤቱን ሙቀትና የእናቱን እጅ ሲናፍቅ ብዙ ጊዜ የሚናፍቀው ይህን ነው። ሌሊቱን ሊጥ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነበረ፤ ርካሽ ስለነበረ ነው። የሌላ አማራጭ የሌላት ልጅ ሰዓት ዋጋው ምግብና መኝታ ነበር። ያንን ቤት ለማሜሪላንድ ቤት መመዘኛ አድርጎ ማቅረብ ሚዛኑን ከመጀመሪያው ማዛባት ነው። እንዲያውም ያ ሥራ አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ዛሬ በሪያድ፣ በቤይሩትና በዱባይ በሌላ ሰው ወጥ ቤት ሌሊቱን የሚቀመጡ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሲባንን የሚነሡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ብዙ ናቸው። የእነሱ ልጆች ደግሞ አገር ቤት ከአያቶቻቸው ጋር ናቸው። ስለ ሥራና ቤተሰብ ሚዛን የሚጻፉ መጻሕፍት ስለ እነዚህ እናቶች ምዕራፍ የላቸውም፤ ከቤት ርቆ መሥራት ለእነሱ በየስድስት ሳምንቱ የሚመጣ ጉዞ ሳይሆን የሁለት ዓመት ውል ነው።

ይህን ማወቅ የእናቲቱን ችግር አልፈታም። የፈታው ነገር ቢኖር ጸጸቷን ነው፣ እሱም በከፊል። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡን ስትከፍት «እንደ እማዬ» የሚለው የተሸሸገ ዓምድ አልነበረም። የቀረው ጥያቄ ጠባብና ግልጽ ነበር፤ በዚህ ቤት ውስጥ ሊጡን የሚጠብቀው ማነው?

ኖቬምበር መጣ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀኑ አጠረ። ለምስጋና ቀን የቱርክ ዶሮና የዱባ ኬክ በሚለው ዝርዝር ላይ ልጆቹ ድፎ ዳቦ ይጨመር አሉ። በዓሉ ኖቬምበር 23 ነው፣ በእኛ ኅዳር 13፤ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። አያት አሜሪካኖቹ ቅበላ ማወቃቸውን አደነቁ፤ በሌሎች ዓመታት በዓሉ ጾሙ ከገባ በኋላ እየዋለ የስንቱን አያት ሆድ እንደሚያሳዝን አልነገሯቸውም። እናቲቱ በዚያ ሳምንት ናይሮቢ ነበረች፤ የምትመለሰው ረቡዕ ሌሊት ነው። ባልየው ሊጡን እማማ ይይዙታል ብሎ ተማምኖ ነበር።

ረቡዕ ግን ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነበር። አያት ከጠዋት ጀምረው ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ማታ ነጠላቸውን እንደለበሱ ብቅ ብለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሊጡን አሽተው ከደኑት። ከዚያም ለአማቻቸው «ልጄ፣ እኔ የሚካኤል ዝክር ተጠርቻለሁ፤ እዚያው አድራለሁ። ይኼን አንተ ትጠብቃለህ» አሉት።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የማየው?»

«ሰዓት የለውም። ታየዋለህ።»

ፋርማሲስት በሚሊግራም የሚሠራ ሰው ነው። ስልኩን በየአርባ አምስት ደቂቃው እንዲያነቃው ሞላ። ልጆቹን አስተኛ። አንዴ ፎጣውን ገለጠ፣ አንዴ ሳሕኑን ወደ ምድጃው አስጠጋ፣ ፎቶ አንሥቶ ወደ ናይሮቢ ላከ፤ ሚስቱ ግን አውሮፕላን ላይ ነበረች። የስድስት ዓመቷ ልጅ ውሃ ጠምቷት ወረደች፤ ጭኑ ላይ ቁጭ ብላ ከእሱ ጋር ሊጡን ስታይ ቆየች፣ ከዚያም እዚያው ተኛች። እሱም ተኛ።

እናቲቱ አውሮፕላኑ ላይ ሆና ለአለቃዋ መልስ ጽፋ ነበር። ዕድገቱን እቀበላለሁም አልቀበልምም አላለችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ከታቀዱት ጉዞዎች ውስጥ ማንም የቡድኑ አባል ሊሄድባቸው የሚችሉት ስንቶቹ ናቸው፣ እኔ ብቻ ልሄድባቸው የሚገቡትስ ስንቶቹ? ደለስ አየር ማረፊያ ስታርፍ መልእክቱ ተላከ። የበዓል ዋዜማ ስለነበር ወረፋው ረጅም ነበር። መልስ አልመጣም።

በሩን ስትከፍት ቤቱ ድምብላልና እርሾ ይሸታል። ወጥ ቤቱ መብራቱ እንደበራ ነው። ባሏ ወንበሩ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ልጁን አቅፎ ተኝቷል። ሊጡ ፎጣውን ወደ ላይ ገፍቶ፣ ከሳሕኑ ጠርዝ አልፎ፣ በጠረጴዛው ላይ መፍሰስ ጀምሯል። ሻንጣዋን በሩ አጠገብ አቁማ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ እጇን ታጠበችና፣ የፈሰሰውን ሰብስባ ወደ ሳሕኑ መለሰችው። ከዚያም ሁለቱን ሳታነቃቸው፣ ሌላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።